ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ

የባሕር ጠረፍ በሌለው አገር የሚኖር ሰው ሰፊ ውሃ ሲያይ ልቡ ይከፈታል። ቀድሞ ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ ሥር በነበሩበት ዘመን የባሕር ነፋስ የናፈቀው ሰው ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ለእኛ የቀረው የሐይቅ ዳርቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድን በላንጋኖ ወይም በሐዋሳ ያሳልፋል፤ ጥቂት ሰፋ ያለ ዕረፍት ያገኘና ረጅም መንገድ የማይታክተው ደግሞ ወደ ጣና ይጓዛል።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም ተማሪ ብትሆን የክረምቱን ዕረፍት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን የዓመት ፈቃድህን ወዴት ላሳልፈው ብለህ ታስብ ይሆናል። እኔ ደግሞ በመምህርነቴ ተማሪዎቼ «መምህር፣ ጣና እንዴት ያለ ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ በካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከማሳየት የተሻለ መልስ እንዲኖረኝ እወዳለሁ። ስለዚህ ዛሬ በጣና ዳር ወዳሉ ሁለት ከተሞች ልወስድህ ነው። አንደኛዋ ሁሉ የሚያውቃት፣ ዘንባባዋና ሆቴሏ የሚወራላት ባሕር ዳር ናት። ሁለተኛዋ ብዙ ሰው ስሟን እንኳ ሰምቶ የማያውቃት፣ በምዕራቡ ዳርቻ የተቀመጠችው ቁንዝላ ናት። አንደኛዋን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ጣናን ግማሹን እንዳየ ይቈጠራል፤ ለምን እንደሆነም ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሐይቁ ጥቂት ማወቅ ይገባል። የአካባቢው ሰው ጣናን ሐይቅ ብሎ አይጠራውም፤ «ባሕር» ይለዋል። የከተማዋም ስም ከዚህ የወጣ ነው፤ ባሕር ዳር ማለት የባሕር ዳርቻ ማለት ነውና። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዐለት የዓባይን መውጫ ስለ ገደበው ውሃው ተጠራቅሞ ይህን ሐይቅ እንደ ሠራ የምድር ጥናት ሊቃውንት ይናገራሉ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሲሆን ጥልቅ አለመሆኑ ያስደንቃል። እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ባለ አምስት ፎቅ ቤት ከመካከሉ ቢቆም ጣሪያው ከውሃው በላይ ይታይ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በል፤ ቁንዝላ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ምድሩ በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ቢሆንም ከፍታው ሙቀቱን ያለዝበዋል። ስለዚህ በባሕር ዳር ዘንባባ፣ ማንጎና ፓፓያ ታያለህ፤ ነገር ግን እንደ ምጽዋ ሐሩር ላብ እያጠመቀህ አትውልም። ማታም ቀለል ያለ ሹራብ ትፈልግ ይሆናል።

ባሕር ዳር ጥንት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ከተማ ያደረጓት በ1950ዎቹ የተሠሩት ሥራዎች ናቸው። ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ማክስ ጉተር የተባለ የጀርመን አገር የከተማ ፕላን ዐዋቂ የከተማዋን ንድፍ አወጣ። ዛሬ አንተ በሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ በዘንባባው ጥላ ስትሄድ ያ ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የታሰበ መሆኑን አስታውስ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ዋናውን ከተማ ወደዚህ ለማዛወርም ታስቦ እንደ ነበር ይነገራል። ከተማዋ ዛሬ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በዓባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል።

ከተማዋን ለማየት የሚሻለው ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጣው ሠራተኛ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘው ተማሪ፣ አዲስ ሙሽሮችና ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች ሁሉ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ብስክሌት የሚነዳው በባጃጆቹ መካከል እየተሹለከለከ ያልፋል። ጀልባ ነጂዎች «ዘጌ! ዘጌ! እንጦስ ኢየሱስ!» እያሉ ይጣራሉ። ከጀበናው ቡና ሽታ ጋር የዓሣ ጥብስ ሽታ ይመጣል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሳይቆረጥ እንዳለ ተጠብሶ በሎሚና በአዋዜ ሲቀርብልህ ሹካ አትጠይቅ፤ በእጅህ ብላ። አምባዛ የሚባለውን ትልቁን ዓሣ የሚመርጥ አለ፤ እኔ ቀረሶን እመርጣለሁ። ፀሓይዋ ስትጠልቅ ውሃው መጀመሪያ የወርቅ፣ ቀጥሎም የእርሳስ መልክ ይይዛል። ከዚያም ሙዚቃው ከየስፍራው ይጀምራል፤ እስክስታ የሚያውቅ ትከሻውን ማሳረፍ አይችልም።

ይህን ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ማየት ይቻላል። ነገር ግን እንግዳ ሰው አራት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ውሃው ቢያምርህም አትዋኝበት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። መዋኘት የሚወድ ሰው ወደ ሆቴል መዋኛ ይሂድ። ወባም ስላለ ያለ አጎበር አትተኛ።

ሁለተኛ፣ ወደ ደሴቶቹ የምትሄድ ከሆነ በማለዳ ተነሣ። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ለትንሽ ጀልባ ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ገዳማቱ የጸሎት ቤቶች እንጂ የመዝናኛ ስፍራዎች አይደሉም። ጫማህን አውልቅ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊት አስፈቅድ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ስለዚህ እኅቶቻችን ወደ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት ወዳሠሩት ወደ ናርጋ ሥላሴ ቢሄዱ ይሻላል። የናርጋን ሥዕሎች ያየ ሰው መንገዱ ሩቅ ነበር ብሎ አያማርርም።

አራተኛ፣ በዳርቻው ላይ በደንገል ታንኳቸው የሚመጡትን ሰዎች እንደ ትርኢት አትመልከታቸው። ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን ከተማው ሳይኖር ከሐይቁ ጋር የኖሩ፣ ጉማሬ በማደንና ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ከ250 ዓመታት በፊት በዚህ ሲያልፍ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፏል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማው በሰፋ ቍጥር የእነሱ ዳርቻ ጠቧል። ሆቴል በተሠራበት ስፍራ ሁሉ ቀድሞ ታንኳ የሚደርቅበት መሬት እንደ ነበረ ማሰብ ለእንግዳ ሰው ክብሩ ነው እንጂ ሐዘኑ አይደለም።

እንግዲህ ከባሕር ዳር እንነሣ። ቁንዝላ ከዚህ በሰሜን ምዕራብ በኩል በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የየብሱ መንገድ ግን ሐይቁን መዞር ስላለበት እጅግ ይረዝማል። በመራዊ በኩል አልፈህ፣ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ተሻግረህ፣ ከዱርቤቴ ወደ ቀኝ ታጥፈህ በአቸፈር ምድር ትጓዛለህ። ይህ ጤፍና ዳጉሳ፣ በቆሎና ከብት የሞላበት አገር ነው። «አልወለድም» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው አቤ ጉበኛም የተወለደው በዚሁ በአቸፈር ነው።

የውሃው መንገድ የበለጠ ያምራል። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር የምትነሣ መርከብ ዘጌንና ደቅን እየነካች ማታ ቁንዝላ ትደርስ ነበር፤ በዚያም አድራ ሰኞ ጎርጎራ ትገባለች። ለዳርቻው ሕዝብ ይህች መርከብ ፖስታ ቤት፣ ገበያና ዘመድ መጠየቂያ ነበረች። በአንድ በኩል ጆንያ እህል፣ በአንድ በኩል ፍየል፣ በመካከሉ የታመመ ልጇን ወደ ሐኪም ቤት የምትወስድ እናት ይሳፈሩባታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጻፍ ግዴታዬ ነው። እኔ ቁንዝላን ያየሁት ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ አገሩ ሰላም በነበረበት ሰሞን ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት የአገሩን ሰው ጠይቅ፤ «አትምጣ» ካሉህ ቅር፤ ቁንዝላ የትም አትሄድም።

ቁንዝላ ስትደርስ ባሕር ዳርን የመሰለ ነገር አትፈልግ። ዘንባባ የተተከለበት ጎዳና የለም፤ በመብራት ያጌጠ ሆቴልም አልጠበቀኝም። የቆርቆሮ ቤቶች፣ የጭነት አህዮች፣ ዳጉሳ ጠላ የሚሸጥባቸው ቤቶች፣ ከዚያም ወደ ውሃው የሚወርድ መንገድ አየሁ። ነገር ግን ያ መንገድ ሲያልቅ ዳርቻው ከባሕር ዳር ያልተናነሰ ሕዝብ የሚንቀሳቀስበት መሆኑን ተመለከትሁ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በባሕር ዳር ሰው ወደ ውሃው የሚወርደው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ በቁንዝላ ግን ሥራው ራሱ ውሃው ነው። ሴቶች እንስራቸውን ይሞላሉ፤ ከብት ይጠጣል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጠግናል፤ ነጋዴው በጀልባ ላይ እህል ይጭናል፤ ልጆች በሸምበቆ ዘንግ ታንኳ እየገፉ ይጫወታሉ።

ጧት ደግሞ በባሕር ዳር የማታየውን ታያለህ። ቁንዝላ በምዕራቡ ዳርቻ ስለሆነች ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሓይ የምትወጣላት ከሐይቁ ውስጥ ነው። ጉም በውሃው ላይ ተኝቶ ሳለ ታንኳዎቹ ከጉሙ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያ ዘንጉ፣ ከዚያ የቀዛፊው ራስ፣ በመጨረሻም ታንኳው ይታያል።

በዳርቻው ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የደረቀውን ደንገል እያሰሩ ሳለ ቀርቤ ሰላምታ ሰጠሁና ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ አንድ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«እንደ ባለቤቱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «በሠራህበት ቀን ማታ አውጥተህ ካቆምኸው ይደርቅና ይቆይልሃል። ውሃ ላይ ትተኸው ካደርህ ግን ይጠጣል። የጠጣ ታንኳ ሲሄድ ደኅና ይመስላል፤ መካከል ስትደርስ ነው የሚከብደው።»

«እንጨት ቢሆን አይሻልም?»

«እንጨቱን ማን ይሰጠኛል? ደንገሉን እግዜር ይዘራዋል። ብቻ እሱም እያነሰ ነው፤ ዳሩን ሁሉ አረሱት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ የደንገል ጥበብ ዝና ከጣና አልፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ባሰበ ጊዜ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ ወደ ማዶ ሳትደርስ ፈራረሰች። በ1970 ግን «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነሥታ በካሪቢያን አካባቢ ወዳለችው ወደ ባርባዶስ ደረሰች። ባርባዶስ ዛሬ የዓለም ሀብታሞች በዳርቻዋ አሸዋ ላይ የሚዝናኑባት ደሴት ናት። እኛ ግን ያን ውቅያኖስ የተሻገረው ደንገል የበቀለበትን ዳርቻ ገና በቅጡ አላወቅነውም።

አሁን ስለ ጥልቀቱ ወደ ተናገርሁት ቁጥር ልመለስ። ከቁንዝላ አጠገብ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ የሚቀበልበት አፍ አለ። ውሃው ከዚያ ገብቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ይጓዝና ወደ በለስ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በመሬት ውስጥ ያሉትን አራት ተርባይኖች አዙሮ 460 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጥ ሆኖ ተሠርቷል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገሪቱ ካሉት የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ኃይሉ ወደ አገሪቱ የመብራት መረብ ስለሚገባ፣ አንተ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆነህ ይህን መጽሔት የምታነብበት መብራት ጥቂቱ ከቁንዝላ ዳርቻ የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሐይቁ ጥልቅ እንዳልሆነ አስታውስ። በዓባይ መውጫ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የጣና ውሃ የሚወጣው በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅ በሚከፈትና በሚዘጋ በር ነው። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም፣ ለመብራት የተለቀቀው ውሃም ተደራርበው ሐይቁ እጅግ ጎደለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች በወረደ ጊዜ መርከቦቹ መሄድ አቃታቸው፤ ለአራት ወር ያህልም የመርከብ ጉዞ ቆመ። ደንገሉ በደረቅ ቀረ፤ ውሃው የሸሸበትን መሬት ገበሬው አረሰው። እንግዲህ በጥቂት ክንድ ውሃ ልዩነት አንድ መርከብ ይቆማል፤ መርከብ ሲቆም ደግሞ ያች የታመመ ልጅ የያዘች እናት በዳርቻው ትቀራለች።

ሁለቱንም ዳርቻ እይ ያልሁህ ስለዚህ ነው። በባሕር ዳር ያለው ዓሣ ጥብስ፣ በከተማው ያለው መብራት፣ እንግዳው የሚሳፈርበት ጀልባና ሽማግሌው የሚያስሩት ደንገል አራቱም የሚጠጡት ከዚያው ካልጠለቀ ውሃ ነው። አንዱ ከመጠን በላይ ከጠጣ ሌላው ይጠማል። ዓሣውም እንዲሁ ነው። በጣና በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምትና በክረምቱ መውጫ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። በዚያን ወራት በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያወጣው የዛሬን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ ብዙ ደክሟል። አረሙ የሚፋፋው ከእርሻ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከየከተማውም በሚወርደው ቆሻሻ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በዓለም ከተመዘገቡት የሕያዋን ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። መዝገቡ ክብር ነው፤ ጥበቃው ግን በዳርቻው ያለ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ለአንተ፣ በተለይም ለጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛ የምለው አለኝ። በእኛ ዘመን ሰው ሁሉ ባሕር ዳርን ይመኛል፤ ዕጣ ሲወጣ ግን ቁንዝላና ቁንዝላን የመሰሉ ስፍራዎች ይደርሱታል። ዕጣው የወጣለት መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ ፊቱን ያጠቁራል፤ ጓደኞቹም ልቅሶ እንደ ደረሰበት ያጽናኑታል። ዳሩ ግን የወደፊቱ የጣና ዳርቻ የሚወሰነው በእንደዚህ ያሉ ስፍራዎች ነው። ባሕር ዳር ብዙውን ወስናለች፤ በብዙ ስፍራ አጥር በውሃውና በሕዝቡ መካከል ገብቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት በተጀመረው የኮሪደር ልማት በሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ሲሠራ ሕዝቡ ደስ ያለው፣ ቀድሞ የራሱ የነበረው ስፍራ ስለ ተመለሰለት ነው። አንድ ጊዜ የታጠረን ዳርቻ መልሶ መክፈት ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር ይጠይቃል። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራም ትልቅ መዝናኛ ተሠርቷል። የቁንዝላም ተራ የሚደርስ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ የፀሓይ መውጫ ያለው ስፍራ ሁልጊዜ ተረስቶ አይቀርምና።

በዚያን ቀን በቁንዝላ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የመሬቱን ማመልከቻ የሚያነብ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ፣ ካርታ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ማን ነው? ዛሬ ይህን የሚያነብ ጀማሪ ጸሐፊ ወይም ተማሪ ነው። ያ ሰው እንስራ የሚሞላበትን፣ ታንኳ የሚደርቅበትንና መርከብ የሚጠጋበትን ስፍራ አይቶ የሚያውቅ ከሆነ ሆቴሉን ከእነዚህ ወደ አንድ ወገን ይመራዋል፤ ሁለቱም ይኖራሉ። አይቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶ መሬት ነውና በአንድ ፊርማ ያጥረዋል። ክፋት አያስፈልገውም፤ አለማየት ብቻ ይበቃል። ሆቴል ይሠራ አልልም፣ አይሠራም አልልም። የቁንዝላ ወጣት ሥራ ይሻል፤ እንግዳ ሲመጣ ጀልባ ነጂው፣ ምግብ አብሳይዋና ዓሣ ሻጩ ይጠቀማሉ። የምለው፣ ዳርቻው የሚዝናናበት ሰው ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትም ሰው ስፍራ ሆኖ እንዲቀር ነው። የባሕር ዳር ምሽት ደስ የሚያሰኘው እኮ ሆቴሉ ስላማረ አይደለም፤ ደመወዙ ትልቅም ትንሽም የሆነ ሰው እኩል ወደ ውሃው መውረድ ስለሚችል ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ተነሥ። የምትሄድበት ወር መስከረም ወይም ጥቅምት ቢሆን መልካም ነው፤ ዝናሙ አባርቶ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል፤ ሐይቁም ሞልቶ ይጠብቅሃል። ከባሕር ዳር ሁለት ቀን፣ ከቁንዝላ አንድ ሌሊት ውሰድ። ወጣ ያለ ልብስና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግህም፤ የምትጠጣው ውሃ፣ አጎበርና ሹራብ ይበቃሃል። ቀረሶውን ብላ፤ ዘንባባውን እይ፤ ትከሻህንም አንቀጥቅጥ። ከዚያ ቁንዝላ ስትደርስ ማልደህ ወደ ዳርቻው ውረድና ታንኳ የሚያስሩትን ሰዎች ደኅና አደራችሁ በላቸው። ውሃው ከአምናው ጎድሎ ወይም ሞልቶ እንደሆነም ጠይቃቸው። ሜትር ሳይሰፍሩ ይነግሩሃል። የነገሩህንም ጻፈው፤ አንድ ቀን ከጠረጴዛህ ላይ ያስፈልግህ ይሆናል።